የቦኖሻው መጎተቻ ገመድ

ፍራሼን አውቶብስ ጣሪያ ላይ አስሬ ወደ ሀደሮ ልወስድ፣ ትናንት ሆሳዕና ገበያ ገመድ ስመርጥ፣ ሻጩ ውሃ ያርከፈከፈበት የአዲስ ቃጫ ሽታ ባለሁበት አቆመኝ። ከእንሰት የተፋቀ ቃጫ ሲርስ የታጨደ ሣርና ኮምጠጥ ያለ ነገር ይሸታል። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳብሼ፣ በእግሬ ረግጬ ስጎትተው ሻጩ "እህቴ፣ ፍራሹ ይሮጣል እንዴ?" አለኝ። ፍራሹ አይሮጥም። ዳማ ግን ይሮጥ ነበር።

ዳማ የአጎቴ ፈረስ ነው። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እኔና ታላቅ ወንድሜ ማቴዎስ ከሆሳዕና ወደ ቦኖሻ፣ ገጠር አጎቴ ዘንድ እንላካለን፤ ያኔ ከቤታቸው በታች ያለው ሜዳ ጎርፍ ይተኛበትና ጉልበት የሚደርስ ውሃ ይሆናል፤ እኛም፣ አንዳችን ፈረሱን ሲጋልብ ሌላው አሮጌ የበር ሳንቃ ላይ ቆሞ ከኋላ በገመድ እየተጎተተ፣ ውሃው ላይ እንንሸራተታለን። ኋላ አንድ አስተማሪያችን፣ ፈረንጅ ውሃ ላይ ቆሞ በሞተር ጀልባ ሲጎተት የሚያሳይ ፎቶ ሲያሳየን ክፍሉ ሁሉ በጀልባው ሲደነቅ እኔ ያየሁት ገመዱን ነው።

አንድ ክረምት ተወራረድን። መስከረም ላይ ወደ ሆሳዕና ስንመለስ ዳማ የሚሸከመው አንዳችንን ብቻ ነው፤ ሌላው ያን ሁሉ ጭቃ በእግሩ ይለዋል። ስለዚህ ሜዳውን በሳንቃ ሳይወድቅ የተሻገረ ይጋልባል ተባባልን። ማቴዎስ ቀድሞ ሞከረ፤ መሃል ላይ ገመዱ ተበጠሰና በፊቱ ተደፋ።

"እንቋጥረውና ያንቺ ተራ ነው" አለኝ አፉን እየጠረገ።

"አንተን የጣለ ገመድ እኔን ሊያነሳ ነው?"

ጥጃ ሲታሰርበት የከረመ፣ ፀሐይ ያደረቀው፣ ጎን ጎኑ ፀጉር ያበቀለ ገመድ ነበር። ጣልኩትና አጎቴ ለበሬው ያስቀመጠውን አዲሱን ከጓዳ አወጣሁ። ካጠረ የዳማ ኮቴ ጭቃውን አፍ ውስጥ ይጨምራል፣ ከረዘመ መታጠፊያ ላይ ቁጥቋጦ ውስጥ ይወረውራል፤ መጥኜ፣ አንዱን ጫፍ ከዳማ ኮርቻ፣ ሌላውን ከተሰበረ የዶማ እጀታ ጋር አሰርኩት። ወገቤ ላይ አላሰርኩትም፤ ቃጫ ሲርስ ቋጠሮው ስለሚጠብቅ ከቢላ በቀር የሚፈታው የለም። እጀታ ግን ሲብስ ይለቀቃል። ለመልቀቅ ላሰበ ሰው ማለቴ ነው።

ማቴዎስ ዳማን ወደ ውሃው እንደነዳ አክስቴ ከጓሮ ብቅ አለችና "ኡኡ! ልጅቷ አለቀች!" ብላ ጮኸች። ችግሩ ዳማ የለቅሶ ፈረስ መሆኑ ነው። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲሞት ፈረሰኞች ለቅሶው ሜዳ ላይ እየጋለቡ ይዞራሉ፤ አጎቴን ደግሞ አንድም ለቅሶ አያመልጠውም፤ ስለዚህ ዳማ የሴት ጩኸት ሲሰማ ሥራ እንደተጀመረ ያውቃል። ጆሮውን ቀስሮ ተፈተለከ።

"ልቀቂ! አንቺ ልጅ፣ ልቀቂ!" ይላል ማቴዎስ ጋማው ላይ ተለጥፎ።

ተንኮሉ ነው አልኩ። ከለቀቅኩ ወደቅኩ፤ ከወደቅኩ በእግሬ ነኝ።

"ራስህ ልቀቅ!"

ለቀቀ። ዳማ ሲታጠፍ እሱ ቀጥ ብሎ ሄደና ውሃው ውስጥ ገባ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እጀታውን የሙጥኝ ብዬ ማዶ ደረስኩና ሣሩ ላይ ዘልዬ ቆምኩ። ወዲያው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ ጎረቤቶች እያለቀሱ መጡ። አንድ ሽማግሌ እንባቸውን እየጠረጉ "ማን ነው የሞተው?" ብለው ሲጠይቁ፣ አክስቴ ዱላ እየፈለገች "ገና ነው አባቴ፣ አሁን እነዚህ ሁለቱ ይሞታሉ!" አለች።

አጎቴ ሲመጣ እኛን ከማየቱ በፊት ገመዱን መረመረ። አንድ ክር አልተበጠሰም።

"ትጋልብ" አለ።

ማቴዎስ ግን "ጉልበቷ ውሃ ነክቷል፣ ወድቃለች" ብሎ ሙግት ጀመረ፤ መስከረም ላይ እኔ ዳማ ላይ ተኮፍሼ፣ እሱ ጭቃውን እያቦካ፣ ሆሳዕና እስክንገባ አላቋረጠም፤ ከዚያም በኋላ ስንት ዓመት፣ ራት ላይ፣ ከጸሎት በኋላ፣ እንግዳ ፊት። ለብሔራዊ ውትድርና ሲወስዱት እናታችን መኪናው ሥር ታለቅሳለች፣ እሱ ከላይ ሆኖ "ጉልበትሽ ነክቷል!" ብሎ ጮኸብኝ። መልስ ሳስብ መኪናው ተነሳ።

ሰሜን ግንባር ነው ያለው አሉን፤ ወሬው ከጠፋ ቆየ። አሁን ያን ቀን ሳወራ ሁሉም ራሱን በአዎንታ ይነቀንቅልኛል፣ "ውሸቷን ነው" የሚል አንድ ሰው የለም፤ እንዲህ ያለ ማሸነፍ ያስጠላል። ይምጣልኝ ብቻ፤ ወድቄያለሁ ብዬ አምንለታለሁ። ለአንድ ቀን።