በቁሜ የተለቀሰልኝ ቀን

ነገሩ የሆነው አስፋልቱ ቢቸና ከገባ ገና ዓመት ሳይሞላው ነው። ያን ጊዜ የተሰበረው እግሬ ዝናብ ሲመጣ ዛሬም ይጠዘጥዘኛል። ቀኑን የማልረሳው ግን ስለ እግሬ ብዬ አይደለም። በቁሜ ተለቅሶልኛል። የገዛ ለቅሶዬን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የሞጣ ልጅ ነኝ። አባቴ ገና በልጅነቴ ሞቶ እማዬ ብቻዋን አሳደገችኝ፤ ከኔ በቀር ልጅ የላትም። ቢቸና የሄድኩት በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ተቀጥሬ ነው። ሞጣና ቢቸና የአንድ አገር ሰው ነን፤ ለኔ ግን ባሕር ማዶ ሆነብኝ። ሰው ቶሎ አልለምድም፤ አፌም ትንሽ መራራ ነው። ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሰው ሁሉ ሁለት ሦስት እየሆነ ያወጋል፤ እኔ ጃንጥላዬን ይዤ ብቻዬን እሄዳለሁ። ከአከራዬ ከእትዬ የሺ በቀር “ደህና አደርሽ?” የሚለኝ አልነበረም።

መንገዱ ኮረኮንች በነበረ ጊዜ መኪና ገና ከሩቅ ሲንኳኳ ይሰማል፤ አቧራውም ቀድሞ ይታያል። ሰው መሀል ለመሀል እያወጋ ሄዶ ሄዶ፣ ሲደርስበት ዞር ይልለታል። አስፋልቱ ሲመጣ መኪናው ድምፁን አጥፍቶ መሮጥ ጀመረ። እኛ ግን አካሄዳችንን አልቀየርንም።

የገበያ ቀን ነበር፤ ከቢሮ ወጥቼ ወደ ቤት እየሄድኩ ነው። ዳር ዳሩን ሽንኩርቱንም ጀሪካኑንም ዘርግተውበት መርገጫ የለም። ወደ አስፋልቱ ወረድኩ። ከኋላዬ የሚመጣ ባጃጅ አህያ ድንገት ገብታበት ኖሮ፣ እሷን አድናለሁ ሲል እኔን አገኘኝ። “ኧረ በማርያም!” የሚል የሴት ድምፅ ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ ወዲያ የማውቀው የለም።

ባለባጃጁ አልሸሸም፤ ራሱ ጭኖ ሐኪም ቤት አደረሰኝ። እግሬ ተሰብሯል፣ ግንባሬም ተፈንክቷል። “የማን ልጅ ናት?” ቢባል የሚያውቀኝ ጠፋ። በኋላ አንድ ባለሱቅ ለየኝና እትዬ የሺ ተጠሩ። እሳቸውም በኔው ስልክ ሞጣ እማዬ ዘንድ ደወሉ። ምን እንደተባባሉ የሰማሁት ኋላ ከራሳቸው ነው።

“አይደንግጡ እህቴ፤ ልጅዎን ባጃጅ ትንሽ ነካ አድርጓት ነው። ደህና ናት። ብቻ ቢመጡ ደግ ነው” አሏት።

“እስኪ ድምጿን አሰሙኝ” አለች እማዬ።

“መርፌ ተወግታ እንቅልፍ ወስዷታል።”

ከዚያ ስልኬ ባትሪው አልቆ ተዘጋ።

እስኪ ያገሬ ሰው ይፍረደኝ! እኛ ዘንድ ሩቅ ያለ ሰው ዘመዱ ሲሞትበት መርዶውን በስልክ የሚነግረው ማን አለ? “ትንሽ አሟት ነው፤ አይዞህ፣ ደህና ናት፤ ብቻ ና” ነው የሚባል። መንገድ ላይ እንዳይወድቅ፣ ሰው መሀል ሆኖ እንዲረዳ ተብሎ ነው። እትዬ የሺ እውነቱን ነበር የተናገሩት፤ ግን ደህና ናት ባሉ ቁጥር እማዬን ገደሏት። ስልኩን ጥላ ኡኡ አለች። ጎረቤት ተሰበሰበ። ደግመው ቢደውሉ ዝግ ነው። በቃ፣ ሞቻለሁ።

በማግስቱ ጧት ስነቃ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሌሎች ሕመምተኞች አሉ፤ ሁለቱንም ዘመድ ከቧቸዋል። አንዷን ገንፎ ያጎርሷታል። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። ከአስታማሚዎቹ አንዷ ሴት ዞር ብላ፣ “ሰው የለሽም እንዴ እህቴ?” አለችኝ።

“አለኝ፤ ይመጣሉ” አልኳትና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ። ከእግሬ ይልቅ እሱ አመመኝ።

ረፋድ ላይ ከውጭ ለቅሶ ሰማሁ። “ማን ሞቶ ይሆን? ነፍሱን ይማረው” አልኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ሟቹ ላይ ቀናሁ። እሱስ ሰው አለው፤ እኔ ብሞት እንዲህ የሚያነባልኝ ማን ነው ብዬ ሆድ ባሰኝ። ለቅሶው እየቀረበ መጣ። ድንገት የእማዬን ድምፅ ለየሁት።

“እናኑዬ! አንዷን ልጄን መንገድ በላብኝ! ሬሳዋን አሳዩኝ!”

“እማዬ፣ አልሞትኩም!” ብዬ ጮህኩ። በዚያ ሁሉ ዋይታ ማን ይስማኝ?

በሩ ተከፈተ። እማዬ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ጉንጯን ነጭታ ደሙ ደርቆባት ቆመች። ከኋላዋ በሚኒባስ የመጣ የሞጣ ለቀስተኛ። አየችኝ፤ ግን አላመነችም። መጥታ መጀመሪያ የነካችው ደህናውን እግሬን ነው፤ ሙቀት እንዳለው ለማየት። ከዚያ ፊቴን ዳሰሰች። ከዚያ በጥፊ አጮለችኝ።

“ለምን ስልክ አታነሽም፣ አንች ክፉ!” ብላ አቅፋኝ ተንሰቀሰቀች።

ለቀስተኛው ግራ ገባው። አጎቴ ጋሽ ሞላ ከበሩ ላይ ሆነው፣ “እንግዲህ ከመጣን አይቀር ‘እግዚአብሔር ይማርሽ’ ብለን እንመለስ” ቢሉ ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። “ሰው የለሽም እንዴ?” ያለችኝ ሴት ወንበር ፍለጋ ተሯሯጠች።

እማዬ እግሬ እስኪጠና አስታማኝ ሞጣ ገባች። የጉንጯ ጠባሳ ግን አልጠፋም። ከዚያ ወዲህ በደወለች ቁጥር “ዳር ይዘሽ ነው የምትሄጅ?” ትለኛለች። “አዎ እማዬ።” አንዳንዴ ይሰለቸኛል፤ “ኤጭ፣ አንችም! አታምኝኝም እንዴ?” እላታለሁ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ጋሽ ሞላ ደወሉ። “እናትሽን ትንሽ አሟት ነው። አይዞሽ፣ ደህና ናት። ብቻ ነይ።”

“ያቅርቡልኝ” አልኳቸው።

“ተኝታለች” አሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ይረዳው ነበር። እኔ ግን፣ በኔ ጊዜ “ደህና ናት” መባሉ እውነት አልነበረም ወይ ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ደብረ ወርቅን፣ ግንደወይንን ስናልፍ የማስበው ስገባ እንዴት እንደምቆጣት ነው። “ለምን ስልክ አታነሽም፣ አንች ክፉ!” ልላት።

ሞጣ ወርጄ ዳር ይዤ ሄድኩ። ከግቢያችን ለቅሶ አይሰማም። ደስ አለኝ! እያነከስኩ ሮጥኩ። ሰዎቹ ለካ ዝም ብለው የተቀመጡት እኔን ሲጠብቁ ነው። ገብቼ መጀመሪያ የነካሁት እግሯን ነበር።

አሁንም ቢቸና ነኝ፤ አሁንም ብቻዬን ነኝ። ዳር ይዘሽ ነው ወይ የሚለኝ የለም። መንገድ ስጀምር ግን አፌ ሳላዘው “አዎ እማዬ” ይላል። አንዳንዴ፣ ስሞት ማን ያለቅስልኝ ይሆን ብዬ ሆድ ሊብሰኝ ሲል ያች የተነጨች ጉንጯ ትመጣብኛለች። የኔ እኮ ተለቅሷል።