ጋሽ ሐምዱ «በመኪና ካልሆነ» አሉ

ሞጣ ውስጥ ስለ ጋሽ ሐምዱ ያልተወራ የለም፤ የዘንድሮው የግንቦት ወሬ ግን ከሁሉም ባሰ። ልጃቸው ሙሐመድያሲን ከኦማን ደውሎ፣ «ክረምቱን ኑና አብረን እናሳልፍ። ማስካትን አሳያችኋለሁ። ከዚያ ደግሞ ሰላላ የሚባል አገር አለ፤ ክረምት ሲገባ ተራራው ሁሉ አረንጓዴ ይለብሳል፤ ጭጋጉም ካፊያውም የእኛኑ አገር ነው የሚመስለው። እዚያ ወስጄ አዝናናችኋለሁ» አላቸው። የታደለ ሰው ይህን ሲሰማ ምን ይላል? «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ሻንጣ ይፈልጋል። ጋሽ ሐምዱ ግን ስልኩን ከጆሯቸው ሳያወርዱ፣ «ከማስካት ሰላላ በምንድን ነው የምንሄደው?» ብለው ጠየቁ።

«በአውሮፕላን ነዋ አባ። ሁለት ሰዓት አይሞላም።»

«በመኪናስ?»

«በመኪናማ ቀን ሙሉ ነው! በረሃ ነው እኮ፤ ከአሸዋ በቀር የሚታይ ነገር የለውም።»

«ገደል አለው?»

«የምን ገደል? ዝርግ ሜዳ ነው።»

«እንግዲያው በመኪና ነው» አሉ ጋሽ ሐምዱ። «መኪና ተከራይ። እኔ እነዳለሁ።»

ባለቤታቸው ሳብሪያ አጠገባቸው ተቀምጣ ነበርና ዘላ ተነሣች። «አንተ ሰውዬ ጤና የለህም እንዴ? ልጁ በአየር ሊያንሳፍፈን፣ አንተ አሸዋ ልታስቅመን ነው?» እሳቸው ቤት ውስጥ መልስ ሲሰጡ ማን አይቷቸው ያውቃል!

ወሬው ገበያውን አዳረሰው። ሹፌርነት እንደ ጫት ሱስ ነው፣ አይለቅም ያሉ አሉ። ዓረብ አገር ነድቼ መጣሁ ብሎ ሊጎርርብን ነው ያሉም አሉ። ልጃቸውም ቢሆን ከዚህ የተሻለ አልገባውም፤ «አባ፣ ሰው ለእረፍት የሚመጣው ሊያርፍ ነው እንጂ ሥራ ሊሠራ ነው እንዴ?» እያለ ይለማመጣቸው ነበር። እሱ ራሱ መንጃ ፈቃድ የለውም፤ መኪና መማር አንድም ቀን አምሮት አያውቅም። ሁሉም ተሳስተዋል። ለመኪና ብለው አይደለም፤ ነገሩ እንዲህ ነው።

ጋሽ ሐምዱ ዕድሜያቸውን የጨረሱት የአንድ የሞጣ እህል ነጋዴ ኤንትሬ ላይ ነው፤ ኤንትሬ ያን ጊዜ መንገዱን ሁሉ የሞላው ትልቁ የፊያት ጭነት መኪና ነው። ከሞጣ ጤፍ ይጭናሉ፤ በቢቸና አድርገው ደጀን ይደርሳሉ፤ የዓባይን በረሃ ወርደው፣ ድልድዩን ተሻግረው፣ ወዲያ ማዶ እያቃሰቱ ይወጡና አዲስ አበባ ይገባሉ። ሲመለሱ ስኳር፣ ሳሙና፣ ቆርቆሮ ይዘው ነው። ቤታቸው አንድ ሁለት ሌሊት ካደሩ ደግ ነው። ሙሐመድያሲን ሲወለድ መንገድ ላይ ነበሩ፤ ትምህርት ቤት ሲገባም መንገድ ላይ ነበሩ። ቁርአን ቀርቶ ያኸተመ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ሲበላ፣ አባት ጎሃ ጽዮን ላይ ማርሽ ተሰብሮባቸው ከመኪናው ሥር ተኝተው ነበር።

ደግሞ ቤት ሲመጡስ? «ትምህርት እንዴት ነው?» ይላሉ። «ደህና ነው» ይላል ልጁ። አለቀ። እዚያች ላይ ይደርቃሉ። ከሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ መናገር የማይሆንላቸው ሰው ናቸው።

ጋቢና ውስጥ ግን ሌላ ሰው ነበሩ! እጃቸው መሪ፣ ዐይናቸው መንገድ ላይ ከሆነ ምላሳቸው ይፈታል። ስለ እናታቸው ያወራሉ፤ ስለ ሞት ያወራሉ፤ ከሳብሪያ ጋር እንዴት እንደተጫጩ እያወሩ ራሳቸው ይንከተከታሉ። ይህን ሁሉ የሰማ አንድ ሰው ነው፤ ረዳታቸው ፈረደ። ፈረደ የቢቸና ልጅ ነው፣ ያን ጊዜ ጎረምሳ ነበር፤ ዛሬ እዚያው ቢቸና የራሱን ጎሚስታ ቤት ከፍቶ ጎማ ይጠግናል። ለልጃቸው ያላወሩትን ሁሉ ለፈረደ አውርተውታል።

ልጁን ለምን አይጭኑትም ነበር? የዚያን ዘመን ሹፌሮች አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ቢያንስ ጋሽ ሐምዱን መንዳት ያስተማሯቸው ሰው ነበራቸው። የገዛ ልጅ ተጭኖ በረሃው አይወረድም። ፍሬን እምቢ ካለ አንድ ቤት በአንድ ቀን ሁለት ሬሳ እንዳይጠብቅ ነው። ደጀን ላይ፣ ገደሉ አፍ ላይ አቁመው አስምለዋቸዋል። ወላሂ ብለው ማሉ፤ መሐላቸውንም ጠበቁ። ፈረደ «የእኔ እናትስ ልጅ የላትም?» እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

አንድ ጊዜ ታዲያ ኤንትሬው ጤፉን ጭኖ ከሞጣ ወጥቶ ቢቸና ቆመ። ፈረደ ገመዱን ሊያጠብቅ ሸራውን ቢገልጥ፣ ሙሐመድያሲን ከጆንያው መሐል ብቅ አለ። ገና ሕፃን ነው። አቧራ በአቧራ ሆኗል፤ ጥርሱ ብቻ ነው የሚታየው። «አባ፣ እኔም መጣሁ!» አለ።

ጋሽ ሐምዱ ብብቱን ይዘው አወረዱት። ወደ ሞጣ የሚመለስ አውቶቡስ ላይ ለሚያውቁት ነጋዴ አደራ ሰጡት። አልመቱትም፤ አልተቆጡትም። ምነው በተቆጡት! ቃል ቢናገሩ ኖሮ ቃሉን ይዞ ያድግ ነበር። ልጁ አላለቀሰም፤ ዞር ብሎ «ፈረደ ለምን ይሄዳል?» ብሎ ብቻ ጠየቀ። የመለሰለት የለም። ኤንትሬው ተነሣ፤ እስከ ደጀን ድረስ ጋቢና ውስጥ ድምፅ አልተሰማም።

ከዚያ ወዲያ ሙሐመድያሲን ውሰዱኝ ብሎ አያውቅም። አባቱ ሲመጡ ወጥቶ ሰላም ይላል፤ ተመልሶ ይገባል። አደገና ኦማን ሄደ፤ ነጅዋ የምትባል የወሎ ልጅ አገባ፤ ሥራው ቀና። በስልክ «ደህና ነህ?»፣ «ደህና ነኝ»፣ «ለእናትህ ልስጥህ» ተባብለው ይለያያሉ።

አሁን ገባችሁ? ሰውየው የናፈቃቸው ያ ቀን ሙሉ የሚፈጅ መንገድ ነው። ገደል የሌለበት መንገድ ተገኘ፤ መሐላው እዚያ አያስራቸውም። ልጃቸው ከጎናቸው ተቀምጦ፣ እሳቸው መሪ ይዘው፣ ያን የቢቸናውን ነገር ከነምክንያቱ ሊነግሩት ነው። አውሮፕላን ላይማ፣ ሳብሪያን መሐል አስቀምጠው፣ ምኑን ነግረውት ይወርዳሉ?

ልጁ በመጨረሻ ተረታ። «እሺ አባ፣ ፈቃድዎን አድሰው ይምጡ፤ መኪናውን እከራያለሁ» አለ። ጋሽ ሐምዱ ያን ዕለት ሁለት ሰው የሚበላውን በሉ።

ፈቃዱ ከተቃጠለ ዓመታት አልፈዋል፤ ለማደስ ደግሞ የዐይን ምርመራ ይጠይቃል። ዐይናቸው ካስቸገራቸው ቆይቷል፤ እሳቸው ግን መነጽሩን ነው ሲያሙ የከረሙት። ፈረደ ከቢቸና ደውሎ «የዐይን ሐኪሞች መጥተዋል፣ ቶሎ ይድረሱ» ሲላቸው፣ ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ በተከፈተ በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍረው ሄዱ።

ፈረደ እጅ ነሥቶ ተቀበላቸውና ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ፣ «አይስጉ ጋሼ፣ ከሐኪሟ ኋላ ቆሜ በእጄ አሳይዎታለሁ። እንደ ድሮው» አላቸው። ድሮ ኤንትሬው ወደኋላ ሲሄድ ፈረደ ከኋላ ቆሞ በእጁ ይመራቸው ነበር፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ና፣ ና፣ በቃ። በምሽትም፣ በአቧራም፣ በዝናብም ከመስታወቱ ውስጥ የፈረደን እጅ ስተው አያውቁም። አንድም ቀን ግንብ አልገጩም። ስለዚህ ጋሽ ሐምዱ ልባቸው ሞላ፤ ቢስሚላህ ብለው ገቡ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ግድግዳው ላይ እግራቸው ወዲህና ወዲያ የዞረ ምልክቶች አሉ፤ ወዴት እንደዞሩ በእጅዎ ያሳዩኝ አለቻቸው። ትልቁን አገኙት። ሁለተኛውን ሲጠየቁ ፈረደ ከጀርባዋ ሆኖ እጁን ወደ ግራ ወረወረ። ጋሽ ሐምዱ ዝም አሉ። ፈረደ ደገመው። ዝም። በሁለት እጁ፣ ጭነት መኪና እንደሚያስገባ ሰው፣ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ እያለ ይወራጭ ጀመር።

«ተው ፈረደ» አሉ ጋሽ ሐምዱ ቀስ ብለው። «እጅህም አይታየኝም።»

ሐኪሟ ዞረች። ልትቆጣ አፏን ከፍታ ነበር፤ የሁለቱን ፊት ስታይ ተወችው። በብርሃኗ አየቻቸውና እንዲህ አለቻቸው፦ «አባቴ፣ በሁለቱም ዐይንዎ ላይ ሞራ አለ። ሞራው በቀዶ ሕክምና ይነሣል፤ ሰው ይለያሉ፣ ያነብባሉ። ለመንዳት ግን አልፈርምልዎትም፤ የቀኝ ዐይንዎ ከሞራውም ሌላ ችግር አለበት። ለቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ልያዝልዎት?»

«መሪ ካልያዝኩበት ምን ያደርግልኛል» ብለው ተነሡ።

ፈረደ መናኸሪያ ድረስ ሸኛቸው። ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆመው ሳለ፣ «እንግዲያው በስልክ ይንገሩት» አላቸው።

«በስልክ የሚባል ነገር ነው?»

«ያ ልጅ ለምን ይሄዳል ብሎ የጠየቀው ስለ እኔ ነው፣ ጋሼ። እኔም እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠሁትም። እርስዎ ካልነገሩት እኔ እነግረዋለሁ።»

ጋሽ ሐምዱ አንገታቸውን ደፍተው ሚኒባሱ ውስጥ ገቡ። ማታ ቤታቸው ሲደርሱ ለልጃቸው ደወሉና፣ «የአውሮፕላኑን ቲኬት ቁረጥ» አሉት። ሳብሪያ እልል ልትል ቃጣት፤ የባሏን ፊት አየችና እልልታዋን ዋጠችው። ራት ቀረበ፤ አልነኩትም። በመኪና ካልሆነ ያሉት ለምን እንደሆነ ሳብሪያ ያወቀችው ያን ዕለት ነው፤ ቁጭ ብላ አውጣጣቻቸው። ሲነግሯት አለቀሱ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሙሐመድያሲን ራሱ ደወለ። «ለእናትህ ልስጥህ» ሊሉ ሲሉ፣ «አይስጡኝ፣ እርስዎን ነው የምፈልገው» አለ። «ጋሽ ፈረደ ደውሎልኝ ነበር።»

«ያ ወሬኛ!»

«አባ፣ እኔ እኮ ፈረደን ስለሚወዱት መስሎኝ ነበር የሚጭኑት። እኔን ግን አይወዱኝም ብዬ ነው ያደግሁት።»

ጋሽ ሐምዱ ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። «ላ ኢላሀ ኢለላህ» አሉ። «ስማኝ ልጄ። ፈረደን ያኔ ብቀብረው አልቅሼ፣ አልቅሼ እነሣ ነበር። አንተን ግን…»

«የሰላላውን የአውሮፕላን ቲኬት ለእማና ለነጅዋ ብቻ እቆርጣለሁ» አለ ሙሐመድያሲን። «ከማስካት ሰላላ አውቶቡስ አለ። ጠዋት ተነሥቶ ማታ ነው የሚገባው። እኔና እርስዎ በእሱ እንሄዳለን። መንገዱን ሹፌሩ ያያል፤ እርስዎ እኔን እያዩ ይነግሩኛል።»

«ምኑን ነው የምነግርህ?»

«ለፈረደ የነገሩትን ሁሉ።»

ጋሽ ሐምዱ ስልኩን ለሳብሪያ ሰጥተው ወደ ግቢ ወጡ። እርሷ ከልጇ ጋር አውርታ ስትጨርስ መልሰው ተቀበሏትና ለፈረደ ደወሉ። ፈረደ ስድብ ሲጠብቅ ነበርና «ይቅር ይበሉኝ ጋሼ» ብሎ ጀመረ።

«ዝም በል! ያቺን ሐኪም ቀጠሮ አስይዝልኝ። ለቅርብ ቀን።»

«መሪ ካልያዝኩበት ምን ያደርግልኛል ብለው አልነበር?»

«ልጄ በቪዲዮ በደወለ ቁጥር የማየው ጭጋግ ነው፣ ፈረደ። አየሁህ፣ አምሮብሃል እያልኩ ስንት ዓመት ዋሸሁት። አሁን ቀን ሙሉ ከጎኔ ሊቀመጥልኝ ነው፤ ፊቱን ሳላውቀው ልመለስ?»