የፊታውራሪ ይመር ግራ ዓይን

የኅዳር ጽዮን ለት ገራዶ ውርጭ ጥሎ አደረ። ገብሱ ጠውልጎ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ድንጋይ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ነበር። ፀሐይ ከወጣች በኋላም ንፋሱ ጋቢ ዘልቆ ይገባል። ሕዝቡ ግን ብርዱን ችሎ ተጨናንቆ ቆሟል፤ የአዲሱ ሥዕል መጋረጃ የሚገለጥበት ቀን ነበርና። ዘመኑ ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.፣ ጣሊያን ደሴ ከገባ ሦስተኛ ዓመቱ ነው።

ከሥዕሉ ከፊሉ የወንድሜ የደጉ እጅ ሥራ ነው።

እኔና ደጉ ተወልደን ያደግነው ደሴ ነው። አባታችን ሲሞት እኔ ከትምህርት ቤት ወጣሁ፤ እናታችን ጠላ ስትጠምቅ ውኃ የሚቀዳ ሰው ያስፈልጋት ነበር። ደጉ ቀጠለ። ከፍ ካለው ክፍል ሲደርስ ከአዲስ አበባ የመጣ መምህር ሥዕል ያስተምራቸው ጀመር። መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ማሰሮ ያስቀምጥና "ስንት ጆሮ ይታይሃል?" ብሎ ይጠይቃል። አንዱ ጆሮ ከኋላ ሆኖ ሳለ ሁለት አድርጎ የሣለ ልጅ ወረቀቱ ይቀደድበታል። ደጉ ቤት ሲመለስ ያንኑ ለኔ በከሰል እየሣለ ያስተምረኝ ነበር። እናታችን "ይኼ ትምህርት ጌሾ ይወቅጣል?" እያለች ትስቅበታለች።

ጣሊያን ሲገባ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ መምህሩም የት እንደ ደረሰ አልታወቀም። ደጉ ገራዶ ወርዶ ከሠዓሊው ከአለቃ ወልደ ሚካኤል ዘንድ ገባ። ሙጫ ያፈላል፣ ቀለም ይፈጫል፣ ሸራ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ከሃዲና ሰይጣን በአንድ ዓይን እንደሚሣል የማያውቅ ሰው ባገራችን የለም፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ያለ ነው። ደጉም ያውቃል። ነገር ግን ሕጉ ለቅዱሳንና ለአሳዳጆቻቸው ብቻ ሳይሆን ቆሞ ለሚሄድ ሰውም መሆኑን አላሰበም።

ሥዕሉን ያሠሩት ፊታውራሪ ይመር ናቸው። ለጣሊያን ያደሩ ሰው ነበሩ፤ ሹመቱንም የሰጣቸው እሱ ነው። እንደ ልማዱ ከእመቤታችን እግር ሥር ተንበርክከው መሣል ነበረባቸው። በዓሉ ሲቃረብ አለቃ በንዳድ ተያዙና ያ ቦታ ለደጉ ቀረ። ፊታውራሪ ግን ከአንድ ተማሪ ፊት እንደ ተከሳሽ መቀመጥ አልወደዱም። ፊታቸውን ወደ ጭሰኞቻቸው አዙረው ሲያዝዙና ሲሳደቡ ዋሉ። ደጉ ከጎን የታየውን ሣለ።

መጋረጃው ሲገለጥ መጀመሪያ እልል ተባለ። ከዚያ ከሴቶቹ በኩል አንዲት አሮጊት፣ "ውይ! የፊታውራሪ ግራ ዓይን የት ሄደ?" አሉ።

"ሮም ወርዷል፣ እማማ" አለ አንድ ወንድ ከኋላ።

ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መሆኑን ረስቶ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ፊታውራሪን በበቅሎ ሲያልፉ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ ፊታቸውን ግን ያን ለት፣ ሥዕሉ ላይ ነው ያየሁት። የታችኛው ከንፈራቸው የተንጠለጠለ፣ አንገታቸው የተሸበሸበ፣ እንቅልፍ የራቃቸው ሽማግሌ። ወንድሜ አልሰደባቸውም። ያዘነላቸው ይመስል ነበር።

"ማነው እንዲህ አድርገህ ሣል ያለህ?" አሉት ፊታውራሪ፣ ደጉን ደጀ ሰላሙ ላይ አስቁመው።

"ትምህርት ቤት ነው የተማርሁት፣ ጌታዬ። ወዲያ ዞረው ስለ ተቀመጡ ሌላው ዓይንዎ አልታየኝም።"

"ሁለት ዓይን እንዳለኝ አታውቅም?"

"አውቃለሁ። ጠገራ ብሩ ላይ ያለችው ንግሥትም እኮ በአንድ ዓይን ናት።"

"እሷን ነጋዴ ይሳለማት! እኔን ከይሁዳ ጎን አቆምኸኝ!"

አለቃ ወልደ ሚካኤል እየተንገዳገዱ መጥተው እግራቸው ላይ ወደቁ። "ልጅ ነው፣ ፊታውራሪ። ይማሩት። ሁለተኛውን ዓይን እኔ እጨምራለሁ።"

"ዓይኑንስ ይጨምሩ ይሆናል። ሳቁን ማን ይሰበስበዋል?"

ደጉን ደሴ ወስደው ለጣሊያኑ ሹም አስረከቡት። ሸራውንም ከግድግዳ አስልጠው ይዘው ሄዱ። እናቴና እኔ ተከትለን ከደጅ ቆምን። ሹሙ ሥዕሉን ብርሃን ላይ አውጥቶ አየና ፈገግ አለ።

"ቁርጥ እርስዎን ይመስላል፤ ጥፋቱ ምንድን ነው? ይላሉ" አለ አስተርጓሚው።

እናቴ እጄን ጨበጠችኝ። ተፈታ ብለን ነበር።

"ባንዳ ማለቱ ነው" አሉ ፊታውራሪ። "በእኔ ከተሳቀ በመንግሥትም ተስቋል።"

ሹሙ ሸራውን ጠቅልሎ ለፊታውራሪ መለሰ፤ ደጉን ኮምቦልቻ መንገድ ሥራ ላይ ላከው። ፊታውራሪ ያስፈልጉት ነበር፤ ደጉ አያስፈልገውም።

ኮምቦልቻ ከደሴ ሲታይ ቆላ ነው። ደጉ ድንጋይ ሲፈልጥ ወባ ያዘው። በክረምቱ ደግሞ አጠገቡ የሚሠራው እስረኛ የሳተው መዶሻ የቀኝ እጁን ሦስት ጣቶች ጨፈለቀው። ሐኪም አላየውም፤ ጣቶቹ እንደ ተጣመሙ ደረቁ። ስንቅ ይዤለት ስወርድ ሸሪፋ የምትባል የሐርቡ ሴት ታሳድረኝ ነበር፤ ባሏም እዚያው ታስሮ ነበርና።

"አብሽሪ፣ እቴ" ትለኛለች። "የኔው ወላሂ በግ ሰርቆ ነው። ያንቺው የሰው ዓይን ሰረቀ፤ ሥጋ እንኳ የለው!"

ከሷ ጋር እስቅ ነበር። ሌላ የምስቅበት ቦታ አልነበረኝም።

ደሴ ላይ ደጉ ጀግና ሆኖ ተወራ፤ ባንዳውን ባደባባይ ያጋለጠ ተባለ። ይህን ስነግረው ተቆጣኝ። "ምን አጋለጥሁ? ሰውዬው እንዲያ ነበር የተቀመጡት" አለና ፊቱን አዞረ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሥዕል አንሥተን አናውቅም።

እናቴ እስክትሞት ያን መምህር ስትረግም ኖረች። እኔ አልረገምሁትም። ደጉ በከሰል ባስተማረኝ መጠን ዛሬም አያለሁ፤ ገበያ ላይ የቆመችን ሴት አንገቷን አይቼ ምን ተሸክማ እንደ መጣች አውቃለሁ። እንጀራ አልሆነኝም። እንዳላየሁ ልሁን ብልም አልችልበትም። ልጄ ትምህርት ቤት ስትገባ ሥዕል እንማራለን ብላ በደስታ ነገረችኝ። "እሺ፣ ተማሪ" አልኋት።

ጣሊያን ከወጣ ወዲህም ደጉ ወደ ደሴ አልተመለሰም። ኮምቦልቻ፣ ከጭነት መኪኖቹ ማቆሚያ አጠገብ፣ በተረፉት ጣቶቹ ኬሻ ይሰፋል።