በሟች አፍ ያስገባሁት ቃል

ደባርቅ ሁለተኛ ክፍል አስተምር በነበረበት ጊዜ፣ ሞባይል ወደ ከተማችን ገና በገባ ሰሞን፣ አሥራ አምስት የምንሆን ምእመናን መጽሐፍ ቅዱስን ከዘፍጥረት ጀምረን እስከ ራእይ ልናነበው ተስማማን። የሚመሩን የደብሩ መሪጌታ ነበሩ። በየቤታችን በቀን አንድ ምዕራፍ እናነባለን፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰብስበን፣ ተራ የደረሰው ሰው ከሳምንቱ ንባብ ለኑሯችን የሚሆነውን ይናገራል። ማንበብ የማይችሉትም መጥተው ያዳምጡ ነበር።

ከነዚህ አንዷ ከጃናሞራ ተድረው የመጡ፣ በገበያ ጌሾና ብቅል የሚሸጡ ሴት ናቸው። በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል ይበልጡኛል። ቤታችን በአንድ በኩል ስለነበር አብረን እንመለሳለን። ያልገባቸውን እየጠየቁኝ እንሄዳለን፤ እኔም መጠየቁን እወደው ነበር።

አንድ እሑድ መንገድ ላይ ስለ ሟች ታናሽ እህታቸው ነገሩኝ። እህትየው ዛሪማ ወርዳ ያገባች ነበረች። ከአባታቸው በቀረች ላም ተጣልተው ሦስት ዓመት ሳይነጋገሩ ኖረዋል። ከዚያ በአንድ ነጋዴ በኩል «አሞኛል፣ ነይ» ብላ ላከች።

«ገብሱ ይሰብሰብና እወርዳለሁ አልሁ» አሉኝ። «ገብሱስ ሰበብ ነው። ትንሽ ትጠብቅ ብዬ ነው እንጂ። እህሉ ከአውድማ ሳይነሣ መርዶዋ መጣ። ለለቅሶው ስወርድ የልጆቿን ዓይን ማየት አፍሬ አንድ ነገር ሳልጠይቅ ተመለስሁ።» ነጠላቸውን አስተካከሉና ጨመሩ፤ «ይህን ለነፍስ አባቴና ላንቺ እንጂ ለማንም አልተነፈስሁም።»

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ተራዬ ደረሰ። ንባቡ ያዕቆብ ከወንድሙ ከኤሳው ጋር የታረቀበት ነበር። ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ጻፍሁ፤ የጻፍሁት ግን እንደ ትምህርት ዕቅድ ደረቀብኝ። ያን ጊዜ የሴትዮዋ ነገር ትዝ አለኝ። ስማቸውን ካልጠራሁ፣ ዛሪማንም ካላነሣሁ ምን አለበት አልሁ።

«አንዲት የማውቃት ሴት ነበረች» ብዬ ጀመርሁ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ተማሪዎቼ እንኳ እንደዚያ አድምጠውኝ አያውቁም። ስለ እህትየው ሞት ስደርስ ያ ጸጥታ ገፋፋኝና «ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል፣ እስከ መጨረሻው ትንፋሿ የእህቷን ስም እየጠራች ሞተች» አልሁ። ይህን ማንም አልነገረኝም። ሴቶቹ አለቀሱ። ከኋላ ተቀምጠው የነበሩት ሴትዮዋ ራሳቸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሲስቡ አየሁ። አላየሁም ብል ውሸት ነው። አይቼም አላቆምሁም፤ ንግግሩ እያማረልኝ ነበር። ስጨርስ መሪጌታው «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» አሉ፤ ሁሉም መረቀኝ።

ሴትዮዋ የዚያን ዕለት ሳይጠብቁኝ ሄዱ። ማክሰኞ ከክፍል ስወጣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ጠብ ነው ብዬ «ስምዎን አልጠራሁም» የሚለውን መልስ አዘጋጅቼ ቀረብሁ።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። ፊታቸው የቁጣ ፊት አልነበረም። «ስሜን መጥራቷን ከማን ሰማሽ? እኔ እኮ አላወቅሁም።»

እውነቱን የምናገርበት ጊዜ ያ ነበር። «ከዛሪማ ከመጡ ሰዎች ነው» አልሁ።

«እውነት ጠርታኛለች?»

«አዎ።»

እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት። ታላቄ ናቸው፤ እጄን መንጠቅ እንኳ አልቻልሁም።

በማግስቱ ከልጆቿ አፍ ሊሰሙት በሊማሊሞ ወደ ዛሪማ ወረዱ። መሄዳቸውን የሰማሁት ከጎረቤታቸው ነው። የዚያ ሳምንት ንባብ ዮሴፍን ወንድሞቹ የሸጡበት ነበር። ልብሱን በፍየል ደም ነክረው ወደ አባታቸው የላኩበት ቦታ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁት። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ያለውን ቃል ሳነብ ለማን እንደሚስማማ ነበር የማስበው።

ከዛሪማ እንደተመለሱ ቀጥታ ወደ ቤቴ መጡ። ይግቡ ብላቸው እምቢ ብለው በሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ተቀመጡ።

«ልጆቿ ሦስት ቀን አንደበቷ ተይዞ ነበር አሉኝ። ማንንም አልጠራች። ያንቺ ሰዎች እነማን ናቸው?»

«ሰዎች የሉም፣ እትዬ» አልሁ። «ንግግሬ እንዲያምር ብዬ እኔ ነኝ የጨመርሁት።»

ከመደቡ ተነሡ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ደስ ብሎኝ ነበር እኮ» አሉ። «ቂም ይዛብኝ አልሞተችም ብዬ።»

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ትከሻዬን ይዘው አነሡኝና «እግዜር ይቅር ይበልሽ» ብለው ሄዱ።

ለነፍስ አባቴ ተናዘዝሁ። ስግደት ሰጡኝ፤ በተናገርሽበት ጉባኤ ፊትም ቆመሽ መዋሸትሽን ተናገሪ አሉኝ። ስግደቱን ፈጸምሁ። እሑድ ተነሥቼ ግን «ባለፈው በተናገርሁት ላይ ስሕተት ነበር፤ ይቅር በሉኝ» ብቻ አልሁ። መሪጌታው ጥቅስ የሳትሁ መስሏቸው «መሳሳት የሰው ነው» ብለው አለፉት። ሴትዮዋ ከኋላ ሆነው ይመለከቱኛል። ተቀመጥሁ። የእሳቸውን ምሥጢር ለመጠበቅ ነው ብዬ ራሴን አሳመንሁ፤ የጠበቅሁት ግን የራሴን ስም ነበር።

ራእይን እስክንጨርስ አራት ዓመት ሊሞላን ነበር። እሳቸው አንድም እሑድ አልቀሩም። ስንገናኝ ይስሙኛል፤ ስለ ልጆቼ ይጠይቁኛል። ወደ ቤት ግን ከሌሎች ሴቶች ጋር ይሄዳሉ፤ ስለ ራሳቸውም አንዲት ነገር አልነገሩኝም።

እኔም ተራዬ ሲደርስ ምዕራፉን ብቻ አንብቤ እቀመጥ ጀመር። ሰዉ ትሕትና መሰለው። አንድ እሑድ መሪጌታው ተነሥተው «ቃሉ ራሱ እንዲናገር ትታለች፤ ከእሷ ተማሩ» ብለው በሁሉም ፊት አመሰገኑኝ። ሴትዮዋም እዚያው ነበሩ። አንገቴን ደፍቼ ምስጋናውን ተቀበልሁ።