ነጭ ላይ የማይታይ ስህተት

ፕሮጀክተር ሲፈታ የሚሸተውን የተቃጠለ አቧራ እወደዋለሁ። ከሰው ጋር ግን አልስማማም፤ በተለይ ከእኔ የሚበልጥ ሰው ሳይ ዓይኔ ደም ይለብሳል። ዱባይ ተራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለች የጥገና ሱቅ ለስድስት ዓመት አንድ ጠረጴዛ የተጋሩኝ ጋሼ ይበልጡኝ ነበር። ካቻቢቴ አያያዝ ሳይቀር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ደንበኛ ፕሮጀክተሩን ታቅፎ ደረጃውን እያለከለከ ይወጣና፣ እኔን አልፎ እያየ «ጋሼ የሉም?» ይላል። «ጁምዓ ሄደዋል» ስለው እስኪመለሱ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። እኔ እዚያው ተጎልቼ!

የሱቁ ባለቤት እትዬ አንድ ቀን መጥተው፣ ሱቁ ለሁለት ሊከፈል ስለሆነ ከሁለታችሁ የሚቀረው አንዳችሁ ብቻ ነው አሉን። ማን እንደሚቀር አልተናገሩም። ሲናገሩ ግን በሐዘኔታ ያዩ የነበረው እኔን ነው፤ ያ አስተያየት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በፕሮጀክተር ሆድ ውስጥ ከክብሪት ቀፎ ያነሱ ሦስት የፈሳሽ ክሪስታል ፓኔሎች አሉ። የአምፖሉ ብርሃን ለሦስት ይከፈልና አንዱ ፓኔል ቀዩን፣ አንዱ አረንጓዴውን፣ አንዱ ሰማያዊውን ያሳልፋል፤ ሦስቱ ተመልሰው ሲገናኙ የሰው ፊት ይሆናሉ። ጋሼ «ጉልቻዎቹ» ይሏቸዋል። የእንግሊዝኛ ፊደል ስለማያነቡ፣ ከፓኔሎቹ በሚወጡት ስስ ገመዶች ላይ በጥፍር ቀለም ነጥብ ያደርጋሉ፤ ለቀይ አንድ፣ ለአረንጓዴ ሁለት፣ ለሰማያዊ ሦስት። መሰኪያዎቹም ላይ እንዲሁ። ሠርተው ሲጨርሱ ግድግዳው ላይ ነጭ ገጽ ያበራሉ፤ ቢጫ እድፍ ካልታያቸው ዕቃው ዳነ ማለት ነው። የቀዩና የሰማያዊው ገመድ ቢቀያየሩ እንኳ ነጩ ነጭ ሆኖ እንደሚቀር አስበውት አያውቁም። እኔ አስቤዋለሁ።

አንድ አርብ፣ የእናቷን አርባ ልታወጣ የተዘጋጀች ሴት ፕሮጀክተር አመጣች። የእናቷን ቪዲዮ አዳራሽ ውስጥ ለዘመድ ልታሳይበት ነው። ጋሼ ፈቱት፣ ፓኔሎቹን አጸዱ፣ ገመዶቹን ሳይሰኩ ለጸሎት ወጡ። የጥፍር ቀለሙን አነሳሁ። ባለ አንዱ ገመድ ላይ ሁለት ነጥብ ጨመርኩ፤ ከባለ ሦስቱ ላይ ሁለቱን በአሴቶን ጠረግኩ። ብልቃጡን ከድኜ ቦታው መለስኩት።

ሲመለሱ ነጥቡን ከነጥቡ አገናኝተው ሰኩ፣ ከደኑት፣ ነጩን ገጽ አበሩ። «ማሻአላህ፣ ወተት ነው እኮ!» አሉኝ። እኔም «እጅዎ አይጥፋ» አልኳቸው።

ሰኞ ሴትየዋ ፕሮጀክተሩን ይዛ መጣች። ብትጮህ ይሻል ነበር፤ አልጮኸችም።

«እናቴ ሰማያዊ ሆና ወጣች» አለች። «ፊቷም፣ እጇም፣ ከንፈሯም። ስትሞት እንደዚያ ነበረች። ያንን ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አሁን ዘመድ ሁሉ አየው። እህቴ እዚያው ራሷን ስታ ወደቀች።»

ጋሼ ቪዲዮውን ግድግዳው ላይ አበሩትና ራሳቸውን ያዙ። «ነጥቡን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። ዓይኔ ደክሟል፣ ልጄ፣ አውፍ በይኝ» ብለው ጉልበቷን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ወደኋላ ሸሸች። እትዬ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። ጎረቤት ባለሱቆችም ተሰብስበው ነበር፤ አንዱ ወዲያው «ጋሼ ሰማያዊ» ብሎ ስም አወጣላቸው፤ ሌሎቹ ሳቁ።

«አንዴ ይስጡኝ እስቲ፣ ጋሼ» አልኩ። ፈትቼ የቀዩንና የሰማያዊውን ገመድ አቀያየርኩና አበራሁት። የእናትየዋ ጠይም ፊት እየሳቀ ግድግዳው ላይ ወጣ። ሴትየዋ ያን ጊዜ አለቀሰች። «ምነው አንተ በሠራኸው ኖሮ! እጅህ ይባረክ» አለችኝ። እትዬ ወደ እኔ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሱቁ ውስጥ የሚቀረው ማን እንደሆነ በዚያው ተወሰነ።

ጋሼ ከምሳ በኋላ ዕቃቸውን በፌስታል ሰበሰቡ። በጊዜው አንድ ቃል ብናገር ይቀሩ ነበር፤ እዚያው አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሻይ ጠጣሁ። ጸጸት ይዞኝ ነበር ብዬ አልዋሽም፤ ደስ ብሎኝ ነበር። የቆረቆረኝ ከዚያ በኋላ ነው። በሩ ጋ ደርሰው ሊወጡ ሲሉ ተመለሱና ግንባሬን ሳሙኝ።

«ያስተማርኩት ልጅ ስህተቴን አገኘልኝ» አሉ። «ወላሂ፣ ዛሬ ኮራሁ።»

ከልባቸው ነበር።