እናቴና ትርፉ ውሃ

አባቴ ጡረታ ሲወጣ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ አቲቆት በሚባለው ሰፈር ካለው ቤታችን ጓሮ ኩሬ ቆፈረ። ዕድሜውን ሙሉ የከተማውን መናፈሻ ሲያጠጣ ኖሮ የራሱ ውሃ አማረው። ክረምት የጣሪያው ዝናብ ይሞላዋል፣ በጋ ደግሞ ከቧንቧ ይጨምርበታል። ሲሞላ ትርፉ ውሃ ከጠርዙ ሥር በቀበራት ቱቦ አድርጎ ወደ መንገዱ ቦይ ይወርዳል። ያቺን ቱቦ እንደ ሕፃን ጆሮ ነበር የሚያጸዳት፤ ዓርብ ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ቅጠሏንና ጭቃዋን በሽቦ ይጠርግላታል።

ኩሬውን ከሁላችን አብልጣ የወደደችው ግን እናቴ ናት። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አእምሮዋ ሄድ መለስ ይላል፤ አንዳንዴ እኔን በእህቷ ስም ትጠራኛለች፣ እኔም አቤት እላለሁ። ቤት ውስጥ ስትሆን በር በሩን እያየች ትቁነጠነጣለች። ወንበሯን ኩሬው ዳር ስናደርግላት ግን ፊቷ ይፈታል፣ እኛም እፎይ እንላለን። ስለዚህ ባለፈው ክረምት ቱቦዋ በየጊዜው መዘጋት ስትጀምር ጭንቀቱ የሁላችን ነበር።

ቱቦዋን የምትዘጋት እናቴ ራሷ ነበረች። አባቴ ቅጠል መስሎት ሽቦውን ሲከት ተጎትቶ የሚወጣው የእናቴ ሻሽ ነው፣ ካልሲ ነው፣ አንድ ቀን የእኔ አዲስ ፎጣ።

«ምነው እማ?» አልኳት።

«ውሃው እየሄደ እኮ ነው» አለችኝ፣ እንደ ሞኝ እያየችኝ።

ከአገር ቤት ወደዚህ ስትሰደድ የሱዳንን መንገድ በእግሯ የመጣች ሴት ናት። እኔ ሳልወለድ የነበረው ወንድሜ እዚያ መንገድ ላይ ውሃ፣ ውሃ እያለ ሞተ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም የሚለው ለእኛ ተረት ነው፤ ለእሷ አይደለም።

ከእኛ ዝቅ ብላ ያለችው ጎረቤታችን ደግ ሴት ናት። ነገር ግን ኩሬው ሞልቶ በአጥሩ ሥር አልፎ ሳሎኗ ሲገባ ደግነትም ልክ አለው። አባቴ ይቅርታ ጠይቆ ውሃውን በመጥረጊያ ሲገፋላት ዋለና ሲመለስ፣ «አፈር አስመጥቼ እደፍነዋለሁ» አለ።

«እማስ? የት ልትቀመጥ ነው?» አልኩት።

አፈሩ ሳይመጣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዶፍ ወረደ። ሮጠን ስንወጣ እናቴ ቀድማናለች፤ ሻሿን ቱቦዋ ውስጥ ወትፋ፣ ፀጉሯ እየራሰ ቆማለች። ውሃው ጠርዙን ሊያልፍ የጣት ያህል ቀርቶታል። «አባ፣ ዳይ፣ በቃ፣ አሁኑኑ ንቀለው» ብዬ ጮህኩ፤ ትዕግሥት የሚሉት ነገር እኔ ጋ አልደረሰም። አባቴ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ከዕቃ ቤቱ ጀሪካኖቹን አወጣና ጎንበስ ብሎ ከኩሬው እየቀዳ ይሞላ ጀመር። ጀሪካን ሲያልቅ ባልዲ፣ ባልዲ ሲያልቅ ድስት። ነገሩ ሲገባኝ እኔም የሻይ ማንቆርቆሪያውን ሳይቀር ከወጥ ቤት አቀበልኩት። የሞላውን ሁሉ እግሯ ሥር ይደረድርላታል።

«ሌላ ዕቃ የለም?» አለች እናቴ።

«የለም፤ ሁሉም ሞልቷል። ይኸው እዪው» አላት አባቴ።

እየዞረች በእጇ ነካካቻቸው። ከዚያ ወደ አባቴ ጠጋ ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጁስ ጠጣ?» አለችው።

አባቴ የዚያን ልጅ ነገር በቤታችን አንስቶ አያውቅም፤ እኔ እንኳ የሰማሁት ከአክስቴ ነው። ዝናቡ በፂሙ እየወረደ አያት። ምን ብሎ ሊመልስላት ነው ብዬ ፈራሁለት።

«ጠጣ» አላት። «እስኪጠግብ ጠጣ።»

እናቴ፣ «እንግዲያ ይሂድ» ብላ ጎንበስ አለችና ሻሹን ራሷ ነቀለችው።