እንየው ከፌስቡክ የወጣበት ሦስት ቀን

እንየው መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣ ፎቶ ኮፒ ያነሣል። ለዚህ ሥራው የሚያከብረው የለም፤ የመታወቂያ ግልባጭ የሚያወጣን ሰው ማን ከመቀመጫው ተነሥቶ ይቀበለዋል? የሚከበረው የፌስቡክ ግሩፓችን አድሚን ስለሆነ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የእስቴና የስማዳ ሰው ከብት ሲጠፋው፣ ልጅ ሲድር፣ ገብስ ሲሸጥ በእሱ በር ሲያልፍ ኖሯል። ገበያ ላይ "አድሚኑ መጣ" ሲባል አንገቱ አንድ ስንዝር ይረዝማል።

አሁን ግሩፑ እያጣጣረ ነው። ወጣቱ ቲክቶክ ገባ፣ ነጋዴው ቴሌግራም ገባ፤ የቀረው በዓመት በዓል ብቻ የሚነቃ ነው። እንየው ደንበኛ አቁሞ ስልኩን ያወጣል፣ ያያል፣ ይከታል፣ መልሶ ያወጣል። የአንዲት ሴትዮን የጋብቻ ወረቀት ሳያስበው አራት ጊዜ ገለበጠላት።

እናም ታሪክ የጣለበትን አደራ ሊወጣ ቴሌግራም ላይ አዲስ ቤት ሠራ። በሁለት ወር ዐሥራ አንድ ሰው ገባ። ዐሥራ አንዱም "ሌሎቹ መጡ ወይ?" ብለው ጠይቀው ዝም አሉ። ሌሎቹም ፌስቡክ ላይ ቁጭ ብለው ስለ እነዚህ ያንኑ ይጠይቃሉ።

"ባንድ ቀን ነው መነሣት፤ እርም አስብላቸዋለሁ" አለ እንየው።

በጊዮርጊስ ማኅበር ዕለት፣ ጠላው ሁለት ዙር እንደ ዞረ፣ ተነሥቶ ንግግር አደረገ። "ከዛሬ ጀምሮ ፌስቡክ የሚከፍት የለም። እርም እንበል።"

ቄስ ኃይለ ሚካኤል ጺማቸውን ይዘው አዩት። "ልጄ፣ ሰው መጠጥ እርም ሲል ሰምቻለሁ። ለስልክም አለ እንዴ?"

"ለልማዱ ነው አባ።"

"እንግዲያ እናንተው በሉት። የኔ ስልክ ከመጮህ ሌላ ሙያ የለውም።"

ሠላሳ ስምንት ሰው እርም አለ። መምህር አስቻለው ከሁሉ አስበልጦ ጮኸ። በአቋም መግለጫ ያደገ ሰው እርም ማለት አይቸግረውም፤ የሚቸግረው ነገ ነው።

ሁለት ቀን ቴሌግራሙ ጭር አለ። በሦስተኛው ቀን እንየው አላስችል አለው። "ማን እንደ ቀረ ልቆጣጠር" ብሎ ለራሱ ፈቃድ ሰጠና ፌስቡክን ከፈተ። አንድ አዲስ ጽሑፍ አለ። ካሳ የሚባል የስማዳ ሰው፣ ማኅበሩ ላይ ያልነበረ፣ የበቅሎውን ፎቶ ለጥፏል፦ ግንባሯ ነጭ፣ ከማክሰኞ ጀምሮ የጠፋች። ስልክ ቁጥር መጻፍ አልታየውም። ኮሜንት የለም። እንየው "ያዩት" የሚለውን ሲነካ ሠላሳ ስድስት ስም ተዘረገፈ፤ ሁሉም እርም ያሉ ናቸው፣ አስቻለው ከላይ። ትንፍሽ ያለ ግን የለም፤ ቀድሞ የጻፈ እርሙን በላ መባሉ ነዋ።

በቅሎዋ ደግሞ ከእንየው ሱቅ ዐሥር እርምጃ ላይ፣ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ታስራ ጭድ ትበላለች። ባለወፍጮው ባለቤቷን ሲያፈላልግ ሁለት ቀን ሆኖታል።

የእንየው ሚስት ብርቄ በትከሻው በኩል ስልኩን አየች። "ጻፍለት እንጂ።"

"እኔው እርም አስብዬ እኔው ልጻፍ?"

"ታዲያ ሰውየው በቅሎ አልባ ይቅር?"

"ሠላሳ ስድስት ሰው አይቷል እኮ።"

"አንተ ሠላሳ ሰባተኛው ነህ።"

ወጣ፣ በቅሎዋን አየ፣ ገባ። ደግሞ ወጣ። በመጨረሻ ለካሳ በውስጥ መስመር፣ እንደ ሌባ ተደብቆ፣ ያለችበትን ጽፎ ላከ። ለማንም እንዳትናገር ማለቱን ረሳ።

በማግስቱ ካሳ በቅሎው ላይ ጉብ ብሎ የተነሣውን ፎቶ ለጠፈ፦ "አድሚን እንየው በውስጥ መስመር ጠቁሞኝ በቅሎዬን አገኘሁ። እግዜር ይስጥልኝ።"

ያን ጊዜ ሠላሳ ስድስቱ አፍ አወጡ። "አድሚኑ እርሙን በላ።" "አያ እንየው፣ አዲሱ ቤት ያፈሳል እንዴ?" አስቻለው "ከመሪ የማይጠበቅ" የሚል ረጅም አንቀጽ አሰፈረ። ምንይችል የሚባል ገብስ ነጋዴ "መምህር፣ አንተስ በየት በኩል አየኸው?" ብሎ ጠየቀው።

"አጥፋው" አለች ብርቄ። "ማጥፊያው በእጅህ ነው። መሳቂያ አደረጉህ እኮ።"

እንየው ጣቱን ወደ ማጥፊያው አስጠጋ። ኮሜንቱ አርባ አንድ ነበር፤ እያየው አርባ ሁለት ሆነ። እንዲህ ያለ ቁጥር ካየ ሁለት ዓመት አልፎታል። በር ላይ ደንበኛ ወረቀት ይዞ ቆሟል።

"ተይ፣ ይጻፉ" አለ። "አርባ አምስት ገባ።"